የምርጫ ውጤት የሚሰበስብ አፕ ፈትሺ ተባልኩ፤ ከየት ልጀምር?

ሞካሪዋ፣ ሀዋሳ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። አቶቴ አካባቢ ባለች ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። እስካሁን በእጄ ያለፉት የሆቴል ሪዘርቬሽን፣ የፋርማሲ ስቶክ፣ የቁጠባና ብድር ሲስተም፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሰሞኑን ግን ሌላ ነገር መጣ። አንድ የምርጫ ታዛቢዎች ስብስብ ለድምፅ መስጫ ቀን አፕ አሠርቷል። «ሥራ ላይ ከማዋላችን በፊት ሌላ ዓይን ይየው» ብለው ወደ እኛ ላኩት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ አለዚያ ግማሹ መልስ እዚያ ላይ ያልቃል። በዚህ አፕ ድምፅ አይሰጥም። ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት ነው፣ የሚቆጠረውም በእጅ ነው። አፑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ ቅጽ ላይ ይሞላና ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ታዛቢው የተለጠፈውን ፎቶ ያነሳል፣ ቁጥሮቹን ታብሌት ላይ ያስገባል፣ ይልካል። ሀዋሳ ያለው ማዕከል ይደምራል፣ ያመሳክራል። በቃ ይኸው ነው።

አለቃዬ የሰጠኝ ትእዛዝ አንድ መስመር ነች፦ «ሃክ ይደረግ እንደሆነ እይው።»

እስካሁን ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ቅጽ ከላክሁ በኋላ የሚመጣልኝ ሊንክ መጨረሻው ላይ ቁጥር አለው። ቁጥሩን በአንድ ጨምሬ ስከፍተው የሌላ ታዛቢ ቅጽ ከነፎቶው፣ ከነስልኩ ወጣ። የሙከራ ሰርቨር ነው፣ ሰዎቹም የውሸት ናቸው፣ አትደንግጡ። ግን በእውነተኛው ቀን ማን የት ጣቢያ እንደቆመ ከነስልኩ እንዲህ መዘርገፍ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው ደግሞ ሳልፈልገው ነው ያገኘሁት። አፑ በአማርኛም በሲዳሙ አፎም ይሠራል። በሲዳሙ አፎ ጽሑፍ ውስጥ አፖስትሮፍ (') አለች። እሷ ያለችበትን የቀበሌ ስም ስጽፍ ሲስተሙ ቀጥ አለ። የወጣው የስህተት መልእክት የዳታቤዙን ትእዛዝ ሳይቀር ዘርዝሮ አሳየኝ። ለገንቢዎቹ ስነግራቸው «ምልክቷን እንዳይጽፉ እንከለክላለን» አሉኝ። እንዴ! ሰው ለእናንተ ብሎ የቀበሌውን ስም ይቀይር? ችግሩ ምልክቷ አይደለችም። ሰው የጻፈው ነገር ሳይጣራ ወደ ዳታቤዙ ትእዛዝ መግባቱ ነው። ተንኮለኛ ሰው ከአፖስትሮፏ ቀጥሎ የራሱን ትእዛዝ ይጽፍበታል።

እንዲህ ያለውን ማግኘት ለምጄዋለሁ። ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ግን ሠርቼ አላውቅም። ሌሊቱ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ከሃክ ውጪ ምን ልፈትሽ? ጊዜው አጭር ስለሆነ ሁሉን አልደርስበትም። የቱ ይቅደም?

ኬብል

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ፊርማ። የአለቃሽ አንድ መስመር አያድንሽም። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያለ ፈቃድ ሲስተም ውስጥ መግባት በራሱ ወንጀል ነው፣ ምንም ባታበላሺ። ከአፑ ባለቤቶች የተፈረመ ደብዳቤ ያዢ። የትኛው ሰርቨር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን እንደማይነካ፣ ቀዳዳ ሲገኝ ለማን እንደሚነገር ይጻፍበት። ሰርቨሩ የኪራይ ከሆነ የአከራዩን ደንብም እዪ።

አፖስትሮፏ ያስታወሰችኝን ላውራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዋሽንግተን ዲሲ በኢንተርኔት ድምፅ ልታሰጥ ተዘጋጅታ ነበር። ከምርጫው በፊት «ኑና ስበሩት» ብለው ለሕዝብ ከፈቱት። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው አሌክስ ሃልደርማንና ቡድኑ በ48 ሰዓት ውስጥ ሰርቨሩን ተቆጣጠሩት። የተሰጡትን ድምፆች ቀየሩ። ይባስ ብለው ድምፅ ሰጥቶ ለጨረሰ ሰው የዩኒቨርሲቲያቸው መዝሙር እንዲዘፈንለት አደረጉ። ያም ሆኖ ኃላፊዎቹ እስኪነቁ ሁለት የሥራ ቀን ገደማ ወሰደባቸው። የገቡበትን ቀዳዳ ታውቂያለሽ? ሰው የሚሰቅለው ፋይል ስም ሳይጣራ ወደ ሰርቨሩ ትእዛዝ ይገባ ነበር። ያንቺ አፖስትሮፍ የቅርብ ዘመድ። በዚያ ላይ የሰርቨር ክፍሉ ካሜራዎች ፓስወርድ ስላልነበራቸው ሠራተኞቹ ሲገቡና ሲወጡ ያዩአቸው ነበር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ መግባታቸው አይደለም። ሁለት ቀን ማንም አለማወቁ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ስታገኚ ዝም ብለሽ ሪፖርት አትጻፊ። «ይሄን ሳደርግ ከእናንተ ማን አየኝ?» ብለሽ ጠይቂ። ሎግ፣ ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚይዝ መዝገብ፣ አለ ወይ? ካለስ የሚያየው ሰው አለ ወይ?

የውጤት ማሳያ ዌብሳይትና ቅጽ የሚቀበለው ሰርቨር አንድ ላይ ከሆኑም ዛሬውኑ ይለያዩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዩክሬን ምርጫ ኮሚሽን ሲስተም ላይ የውሸት አሸናፊ የሚያሳይ ፕሮግራም ተተክሎ ነበር። ውጤት ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው አግኝተው አነሱት። የሩሲያው ቻናል አንድ ግን ያንኑ የውሸት ውጤት ለተመልካቹ አሳየ። ድምፁ በወረቀት ስለነበር የሚነካው ነገር አልነበረም። ሰውን ማደናገር ግን ቁጥር መቀየር አያስፈልገውም፣ ስክሪኑ ይበቃል።

ጡረተኛው መምህር፣ ይርጋዓለም

ልጄ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ግን ሠርቻለሁ። ሌሊቱ ምን ይመስላል ስላልሽ ነው የምጽፈው።

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ 14 ድምፅ ሲሰጥ መዝጊያው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው ተብሎ ነበር የተጀመረው። ሰልፉ አላልቅ ሲል ቦርዱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመው። እኛ ሲዳማ ደግሞ የድምፅ መስጫ ወረቀት አለቀና በማግስቱ ማክሰኞም ቀጠለ። አንቺ «የድምፅ መስጫ ቀን» እያልሽ ትጽፊያለሽ። ታብሌትሽ ሁለተኛ ቀን እንዳለ ያውቃል?

ቆጠራው የሚጀመረው ሁሉም ሰው ከደከመው በኋላ ነው። መብራት ከሌለ በስልክ ባትሪ እያበራን ነው የምንቆጥረው። የማን ስልክ መሰለሽ? ቻርጅ ያለው ሰው ስልክ ነዋ። ታብሌቱ ደህና ብርሃን ካለው መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ውጤቱ ተሞልቶ ፎቶ ይነሳ ሲባል ታብሌቱ ሞቷል።

ሌላው ቁጥሩ ነው። ቅጹ ላይ ድምሩ የማይገጥምበት ጊዜ አለ። አንዱ 1ን እንደ 7 ይጽፋል፣ ሌላው ዋጋ አልባ ድምፆችን መደመር ይረሳል። አስፈጻሚው ተሳስቶ ከሆነ ይሰርዛል፣ አስተካክሎ ይፈርማል። አንዳንዴ ግን ስህተቱ እንዳለ ይለጠፋል። የታዛቢ ሥራ የተለጠፈውን እንደተለጠፈ መላክ ነው። ታብሌቱ «ድምሩ ትክክል አይደለም፣ አልቀበልም» ካለው ያ ልጅ ምን ያደርጋል? ቁጥሩን አስተካክሎ ይልካል። በተንኮል አይደለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ መተኛት ፈልጎ ነው። 36 ዓመት ፈተና አርሜያለሁ፣ ሰው ሲደክመው የሚያደርገውን አውቃለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ነው። የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤት። ቅጹም ሁለት ነው። በ2012 በሲዳማ ክልልነት ሪፈረንደም ጊዜ ምርጫው ሻፌታ ወይ ጎጆ ነበር፣ ሁለት ምልክት ብቻ። ያንን ማንም ይሞላዋል። ብዙ ፓርቲ ሲሰለፍ እና ሁለት ቅጽ አጠገብ ላጠገብ ሲቀመጥ ግን ሌላ ነው። አገላብጦ የሚሞላ ይኖራል።

ሞካሪዋ፣ ሀዋሳ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልእክትዎን ካነበብኩ በኋላ አፑን እንደገና ከፈትኩት። ያሉት ሁሉ አለ።

ቀኑ ኮዱ ውስጥ ተጽፏል። በማግስቱ ብሎ የሞላ ሰው «የመላኪያ ጊዜ አልፏል» ይባላል። ድምሩ ካልገጠመ የመላኪያው ቁልፍ ጭራሽ አይሠራም። ገንቢዎቹ በዚህ ይኮራሉ፣ «ስህተት የማያስገባ ሲስተም» ብለው ማስታወቂያቸው ላይ ጽፈውታል። እኔም ሪፖርቴ ላይ «ጥሩ» ብዬ ላልፈው ነበር ያሰብኩት። አሁን የምጽፈው ይሄን ነው፦ ያልገጠመ ቁጥር ይግባ፣ ቀይ ምልክት ይደረግበት፣ ማዕከሉ ከፎቶው ጋር ያመሳክር። የታዛቢው ስክሪን ግን እንዳይከለክል።

ሌላም አለ። ለክልል ምክር ቤት አንድ መራጭ ከአንድ ዕጩ በላይ የሚመርጥበት የምርጫ ክልል ካለ፣ የዕጩዎቹ ድምር ከወረቀቱ ብዛት ይበልጣል። ያ ስህተት አይደለም። አፑ ግን ለሁለቱም ቅጽ አንድ ዓይነት ስሌት ነው የሚሠራው። ትክክለኛውን ቅጽ ራሱ ሊመልስ ነው ማለት ነው።

ሁለቱን ቅጾች አገላብጬ ሞላሁ። ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለኝ።

የታቦር ልጅ

ጋሼ የጻፉት ከመቶ ገጽ የፔን ቴስት (የሰብሮ መግባት ሙከራ) ሪፖርት ይበልጣል። እኔ የዳታ ሰው ነኝ፣ ጥቂት ልጨምር።

ሰዓት። አክስቴ አርቤጎና ነው የምትኖረው። ስልኳ ሰዓት የተሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 3 ይላል። እንደሷ ያለ ሰው ብዙ ነው። ታብሌቱን የተረከበ ታዛቢም ሰዓቱ «ተዛብቷል» ብሎ ያስተካክለዋል። ያኔ ታብሌቱ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው። የመግቢያ ቶክኑን (ሰርቨሩ ለገባ ሰው የሚሰጠውን፣ ጊዜ የተወሰነለት ዲጂታል ማለፊያ) በታብሌቱ ሰዓት የሚያይ አፕ «ይሄ ቶክን ገና አልጀመረም» ብሎ ያስወጣዋል። ባትሪው ጨርሶ ሞቶ የተነሳ ርካሽ ታብሌት ደግሞ ከነዓመቱ ወደኋላ ሊሄድ ይችላል። ያኔ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል መታወቂያ) ገና ያልወጣ ይመስለዋል፣ መገናኘት እምቢ ይላል። እዚህ ጋ ነው ገንቢውን በዓይንሽ የምትከታተይው። ጥያቄ ሲበዛበት የሰርተፊኬት ምርመራውን ያጠፋዋል። አፑ «ተስተካከለ»። ከዚያ በኋላ መሐል የቆመ ሰው ሁሉ እኔ ሰርቨሩ ነኝ ቢለው ያምነዋል። ሪፖርት ካደረግሽ በኋላ የተላከልሽን አዲሱን ቨርዥን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ፈትሺ የምለው ለዚህ ነው።

ኔትወርክ። ቢሮ ዋይፋይ ላይ የተፈተሸ አፕ አልተፈተሸም። ቅጹን ላኪና ግማሽ ላይ ኔትወርኩን ቁረጪው። ሲመለስ እንደገና ይልካል? ማዕከሉ ላይ አንድ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል? ታብሌቱ ራሱ ለእያንዳንዱ ቅጽ የማይደገም መለያ መስጠት አለበት። ሰርቨሩ ያንን መለያ ዳግመኛ ሲያይ «ይሄ ደርሶኛል» ይበል።

ጭነት። ታዛቢዎቹ ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ሌሊት ላይ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሚልኩት፣ ከነፎቶው። ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ስንባል ነገ እንመለሳለን። እዚህ ነገ የለም።

ሙሉውን መንገድ በእውነተኛው ዓይነት ዳታ ሂጂበት። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2023 የሆነውን እዪ። በዚያው ቀን የፕሬዚዳንትና የፓርላማ ምርጫ ነበር። የፓርላማው ውጤት ፎቶ ወደ ድረ ገጹ ይጫናል፣ የፕሬዚዳንቱ አልጫን አለ። የምርጫ ኮሚሽናቸው በኋላ በሪፖርቱ እንደገለጸው ሲስተሙ እያንዳንዱን ውጤት ከአንድ ክፍለ ግዛት ጋር ማያያዝ ይፈልግ ነበር። ፕሬዚዳንት ግን መላው አገር አንድ የምርጫ ክልል ነው። የሚያያዝበት ሲያጣ ኤረር ሰጠ። ሃክ የለም፣ ጠላት የለም። የጋሼ «ቅጹ ሁለት ዓይነት ነው» ማለት ይኸው ነው። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2013 ስክሪን ላይ ይታይ የነበረው ዋጋ ያጣ ድምፅ በኮድ ስህተት ስምንት እጥፍ ሆኖ ነበር። ቁጥሩ ሲገባ ልክ ነበር፣ ሲወጣ ነው የተበላሸው። ስለዚህ አንዱን ቅጽ ከታብሌት እስከ መጨረሻው ሠንጠረዥ ድረስ በእጅሽ ተከተይው።

ዝምታ ወርቅ ነው

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ልፋት ለምንድነው? ውጤቱ በር ላይ ተለጥፏል። የፈለገ ሰው ሄዶ ያንብብ። አፕ ሲጨመር ችግር ይጨመራል፣ በቃ።

ኬብል

ግማሽ ልክ ነህ። በር ላይ ያለው ወረቀት ነው ዋናው። አፑ ከወረቀቱ ጋር ሲጋጭ የሚያሸንፈው ወረቀቱ እንደሆነ ከአሁኑ ተጽፎ መፈረም አለበት። ግን አርቤጎና በር ላይ ያለውን አንተ ሄደህ አታነበውም፣ እኔም አላነበውም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰርቨሮቹ ይከፈቱ ብሎ ቢያዝ የምርጫ ኮሚሽኑ በሚገባ አልከፈተም። ምርጫው ከተሰረዘባቸው ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በ2022 የየጣቢያውን ቅጽ ፎቶ ለሁሉም ሰው ክፍት አደረጉት። ጋዜጠኛውም ተማሪውም ቤቱ ተቀምጦ ደመረ። ወረቀቱን ከበሩ አንስቶ ሰው ፊት የሚያቀርበው ቴክኖሎጂ ነው። መፈተሽ ያለበትም ለዚህ ነው።

ሞካሪዋ፣ ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ፈተና ስጪያቸው። በልምምዱ መሐል ሳትነግሪያቸው፣ ከኃላፊያቸው ጋር ብቻ ተስማምተሽ፣ ሰርቨሩን አጥፊው። በስልክና በወረቀት ሥራውን ይጨርሱታል? በአሜሪካዋ አዮዋ እ.ኤ.አ. በ2020 በዴሞክራቶች የዕጩ መረጣ ላይ የውጤት መላኪያው አፕ ሲበላሽ «ስልክ ደውሉ» ተባለ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲደውል ስልኩም ተጨናነቀ። መጠባበቂያውን ማንም በዚያ ብዛት አልሞከረውም ነበር። ያዳናቸው ወረቀቱ ነው፣ ውጤቱ ግን ቀናት ፈጀ።

ዝምታ ወርቅ ነው

እሺ፣ ሰርቨሩን በማጥፋቱ ተስማምቻለሁ። ደስ የሚለኝም እሱ ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ይርጋዓለም

ልጆች፣ ልምምዱ ሲያልቅ የሙከራው ቁጥር የት ይሄዳል? ድምፅ ከመጀመሩ በፊት ሳጥኑን ገልብጠን ባዶ መሆኑን ለወኪሎችና ለታዛቢዎች እናሳያለን። የእናንተ ሳጥን ባዶ መሆኑን ማን ያሳያል?

ሞካሪዋ፣ ሀዋሳ

ጋሼ፣ ይሄ ጥያቄ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ሁሉም ተያየ። የሙከራው ዳታ የሚጠፋው በአንድ ገንቢ እጅ፣ ትዝ ሲለው ነው። አሁን የተስማማነው ሙከራው በሌላ ዳታቤዝ እንዲሆን፣ ዋናው ደግሞ በዋዜማው ማታ በተወካዮች ፊት ተከፍቶ ዜሮ መሆኑ እንዲታይና እንዲፈረምበት ነው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደረግኩት። መጀመሪያ ሊንኩና አፖስትሮፏ ይዘጋሉ፣ እነሱ ሳይዘጉ ልምምድ የለም። የፈቃድ ደብዳቤው ዛሬ ተፈርሟል፣ ኬብል አመሰግናለሁ። ከዚያ ቀኑ፣ ድምሩና ሁለቱ ቅጾች። የሰዓቱን ነገር ለገንቢዎቹ ስነግራቸው ሳቁ። አንዱ ግን ስልኩን አውጥቶ አየና ዝም አለ፣ የሱም በእኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው። የታብሌት መጥፋትን ገና አልነካሁትም። አሁን ሁሉም ታብሌት አንድ ዓይነት ፒን ነው ያለው፣ ታብሌቱ ጀርባ ላይ በወረቀት ተለጥፎ። እሱን ለማስነሳት ፊርማ አያስፈልግም፣ በጥፍሬ ነው የምልጠው።

ልምምዱ ቅዳሜ ማታ ነው። ግማሹ ቡድን ሀገረ ሰላም ይወጣል፣ ግማሹ ሀዋሳ ዳቶ ይቀራል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ እስከ ሌሊቱ 9። ቅጾቹን የሚሞሉልን ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች ናቸው፣ ከነስህተታቸው እንዲሞሉ ተነግሯቸዋል። ፓወር ባንክ ሆን ብለን ለግማሾቹ ብቻ ነው የምንሰጠው። ሰርቨሩ መቼ እንደሚጠፋ የማውቀው እኔና ኃላፊያቸው ብቻ ነን፣ እዚህም አልጽፈውም፤ ገንቢዎቹ ይሄን እያነበቡ ሊሆን ይችላል።

የታቦር ልጅ፣ የድሮ ታብሌት ያለህ ከሆነ ይዘህ ና። ሰዓቱን እንዳታስተካክለው።